የዋዝ መኪናዬ የፊት ጎማ አልጎትት አለኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ድሮ የጦር ሠራዊት የነበረ ዋዝ 469 አለኝ። ባለፈው ሳምንት ወደ አንኮበር ስሄድ ጭቃ ያዘኝ። የፊት ጎማዎቹም እንዲጎትቱ የፊቱን ማርሽ አስገባሁ። የኋላ ጎማዎች ጭቃ ይረጫሉ፣ የፊቶቹ ዝም። ገበሬዎች ገፍተው አወጡኝ፤ እግዜር ይስጣቸው።

እስካሁን የገባኝ ይሄ ነው። ኃይሉ ከካምቢዮ ወደ ማከፋፈያው ይሄዳል። ከዚያ አንድ ዘንግ ወደ ኋላ፣ አንዱ ወደ ፊት። ወታደራዊው ዋዝ ደግሞ እያንዳንዱ ጎማ ጋ ተጨማሪ የማርሽ ጥርሶች አሉት፤ ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ከፍ ያለው በነሱ ነው።

ትናንት ሞተሩን አጥፍቼ፣ የፊቱን አውጥቼ፣ ሁለቱንም የፊት ጎማዎች በክሪክ አነሳሁ። የፊት ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ ጋር የሚያያይዙትን የመሃል ቡሎኖች በሁለቱም በኩል አጠበቅኩ። ወንድሜ የቀኙን ጎማ ጥርቅም አድርጎ ያዘ፤ እኔ ከማከፋፈያው ወደ ፊት የሚመጣውን ዘንግ በእጄ አዞርኩ። ዘንጉ ይዞራል፤ የግራው ጎማ ግን ንቅንቅ አይልም። ከውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ዲፈረንሻል ወደ ቀለለው በኩል ስለሚለቅ፣ ግራው ባዶ ከዞረ ቀኙም እንደማይጎትት ገብቶኛል።

የተበላው ግራ ጎማው ጋ ያለው የማርሽ ጥርስ ነው ወይስ ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ ነው የተሰበረው? ሳይፈታ መለየት ይቻላል? ክረምቱ ሳይጠነክር መንዝ እናቴ ጋ መድረስ አለብኝ። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።