ሰርተፊኬቱ በኮምፒውተር ይሠራል፣ በስልክ ግን «አስተማማኝ አይደለም» ይላል

ጠያቂ፦ የገዛሁትን የኤስኤስኤል ሰርተፊኬት (የሳይቱን ማንነት የሚያረጋግጥ ፋይል) በሲፓኔል (በሳይት ማስተዳደሪያው) ጫንኩ። በኮምፒውተር ክሮም ሳይቱን ያለ ችግር ይከፍተዋል፤ በአንድሮይድ ስልክ ግን ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ምን ጎደለ?

መልስ 1፦ መካከለኛው ሰርተፊኬት፣ ያንተን ከዋናው ሰጪ ድርጅት ጋር የሚያገናኘው፣ አልተጫነም ወንድሜ። የኮምፒውተሩ ክሮም የጎደለውን ራሱ ፈልጎ ያመጣል፣ የስልኩ ግን ላያመጣ ይችላል። ሻጩ በላከልህ ዚፕ ውስጥ ያለውን የበንድል ፋይል (መካከለኛው ሰርተፊኬት ያለበትን) በኖትፓድ ክፈት። ከመጀመሪያው «ቢጊን ሰርቲፊኬት» እስከ መጨረሻው «ኤንድ ሰርቲፊኬት» ድረስ፣ የዳርና ዳር ሰረዞቹን ጨምረህ ቅዳና «ሲኤ በንድል» የሚለው ሳጥን ውስጥ ለጥፍ። አንዲት ሰረዝ ብትጎድል አይቀበልህም።

መልስ 2፦ ልክ ነው። የግል ቁልፉን (ከሰርተፊኬቱ ጋር የሚሠራውን ምስጢራዊ ፋይል) ግን ለድጋፍ ሰጪም ቢሆን በኢሜይል እንዳትልክ፣ አደራ። ለሚቀጥለው ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል ሰርተፊኬት ሰጪ በነጻ አለልህ፤ ሰርተፊኬቱ ቢበዛ 90 ቀን ስለሚያገለግል በራሱ እንዲታደስ አድርገው። የሳይቱ ባለቤትነት በኤችቲቲፒ የሚረጋገጥ ከሆነ ፖርት 80 (ሰርቨሩ የኤችቲቲፒ ጥያቄ የሚቀበልበት በር) አይዘጋ፤ ከተዘጋ እድሳቱ ይከሽፋል።

ጠያቂ፦ በንድሉን ለጠፍኩት፤ በስልክም ከፈተ። ተባረኩ።