ፍቅር፣ ልብ አንጠልጣይ ምስጢርና ችሎት፦ የሦስት ልብ ወለዶች ንጽጽርና ጥቆማ

የፍቅር ታሪክ፣ ልብ አንጠልጣይ ምስጢርና የፍርድ ቤት ክርክር ሳይጓደሉ የሚገኙበትን ልብ ወለድ እንድጠቁማቸው የሚጠይቁኝ አንባቢያን ጥቂት አይደሉም። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ ያስቸግራል፤ አብዛኞቹ የዚህ ዘርፍ መጻሕፍት ከሦስቱ በአንዱ ይበረቱና የቀሩትን ለማጣፈጫ ያህል ጣል ያደርጓቸዋል። የእኔ መለኪያ አንድ ነው፦ ችሎቱ ከታሪኩ ተነሥቶ ቢወጣ ፍቅሩ ሳይናጋ የሚቀር ከሆነ መጽሐፉ የተፈለገው ዓይነት አይደለም። በዚህ መለኪያ፣ እኔና የማውቃቸው አንባቢያን ብዙ የተከራከርንባቸውን ሦስት የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች የፍጻሜያቸውን ምስጢር ሳልገልጥ አነጻጽራለሁ።

ቅድሚያ የምሰጠው ዴሊያ ኦውንስ እ.ኤ.አ. በ2018 ላሳተመችው «ዌር ዘ ክሮውዳድስ ሲንግ» ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በሰሜን ካሮላይና የባሕር ዳርቻ ባለ ረግረጋማ ምድር ነው። ገና በስድስት ዓመቷ እናቷ ጥላት የሄደች፣ በኋላም ቤተሰቧ ሁሉ አንድ በአንድ የተበተነባት ካያ ክላርክ ከረግረጉ የምትለቅመውን እየሸጠች ብቻዋን ታድጋለች፤ የከተማው ሰው ግን «የረግረጓ ልጅ» እያለ ይሸሻታል። ማንበብና መጻፍ ያስተማራት ቴት የመጀመሪያ ፍቅሯ ነው። እሱ ለትምህርት ሄዶ ቃሉን ሲያጥፍ የከተማው ዝነኛ ጎረምሳ ቼዝ ወደ ሕይወቷ ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ የቼዝ አስከሬን ከሰደድ እሳት መቃኛ ማማ ሥር ወድቆ ይገኛል። ደራሲዋ የልጅቷን አስተዳደግና የፖሊሱን ምርመራ ምዕራፍ በምዕራፍ እያፈራረቀች ስለምትተርክ፣ አንባቢው ካያን እየወደዳት በሄደ መጠን ማስረጃው በእሷ ላይ ሲከማች ያያል።

አንባቢያንን ለሁለት የከፈለው በመጀመሪያ ቴት ነው። አንዳንዶች ሁሉም ጥሏት የሄደን ልጅ እመለሳለሁ ብሎ መቅረት ይቅር የማይባል ነው ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ ፈሪ እንጂ ክፉ አይደለም ብለው ይከራከሩለታል። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። ከዚህ የሚበረታው ወቀሳ ትምህርት ቤት አንድ ቀን ብቻ የዋለች ልጅ ስለ ረግረጉ ፍጥረታት መጻሕፍት እስከ ማሳተም መድረሷ የማይታመን ነው የሚለው ነው። ወቀሳው እውነትነት አለው፤ ይሁን እንጂ ደራሲዋ ራሷ የእንስሳት ተመራማሪ በመሆኗ ስለ ወፎቹና ስለ ዛጎሎቹ የጻፈችው ዝርዝር አንባቢውን ጥርጣሬውን ያስረሳዋል።

ችሎቱ ግን ከሁሉም በላይ አከራክሮናል። የዐቃቤ ሕጉ ማስረጃ በሟች ልብስ ላይ የተገኘ ቀይ የሱፍ ክር፣ ከአንገቱ የጠፋ የዛጎል ሐብልና በዚያች ሌሊት ካያ የት ነበረች የሚለው ጥያቄ ነው። ከጡረታ ተመልሰው ጥብቅና የቆሙላት ቶም ሚልተን በመስቀለኛ ጥያቄያቸው የሌሊቱን አውቶቡስ ሰዓት፣ የጀልባውን መንገድና የውኃውን ፍሰት አንድ በአንድ እያነሡ፣ ድርጊቱን በተባለው ጊዜ ለመፈጸም ምን ያህል ጥድፊያ እንደሚጠይቅ ያሳያሉ። ካያ ግን ይህ ሁሉ ሲነገር በመስኮቱ ደፍ ላይ የተኛችውን የፍርድ ቤቱን ድመት ታያለች፤ ለእኔ ከጠበቃው ንግግር ይልቅ የማይረሳኝ ይህ ነው። በሙያዋ ጠበቃ የሆነች ጓደኛችን ክሱ በጣም የሳሳ ነው ትላለች። በእኛ ሀገር በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንደሚለው፣ ዳኞች የዐቃቤ ሕጉን ማስረጃ ሰምተው ሲጨርሱ ክሱን የሚያስረዳ ካላገኙ ተከሳሹን መከላከያ ሳይጠይቁ በነጻ ያሰናብታሉ፤ በእሷ ግምት ካያም እዚያው ላይ «ተከላከይ» ሳትባል ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር። ይሁንና በአሜሪካው ችሎት ፍርዱን የሚሰጡት ዳኞች ሳይሆኑ፣ ካያን ዕድሜ ልኳን ሲሸሿት ከኖሩት የከተማው ነዋሪዎች መካከል የተመረጡ ሰዎች ናቸው። የክሱ ደካማነት ያልጠቀማት ለዚህ ነው፤ የብቸኝነቷና የፍቅሯ ታሪክም ከችሎቱ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

የሕግ ክርክሩ ጠንከር እንዲልላቸው የሚፈልጉ ሰዎች የስኮት ቱሮውን «ፕሪዙምድ ኢነሰንት» ያንብቡ። ደራሲው በቺካጎ በፌዴራል ዐቃቤ ሕግነት የሠራ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመው ይህ መጽሐፍ የችሎቱን አሠራር ከውስጥ ያውቀዋል። ተራኪው ረስቲ ሳቢች ራሱ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ በድብቅ የወደዳት የሥራ ባልደረባው ተገድላ ትገኝና ምርመራውን ሲመራ የቆየው ሰው ተከሳሽ ይሆናል። ጠበቃው ሳንዲ ስተርን የአስከሬን ምርመራውን ያደረገውን ሐኪም ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ በትሕትና እየጠየቀ፣ ከሐኪሙ ከራሱ የምርመራ ማስታወሻ ጋር ያጋጨዋል። ያቺ ጠበቃ ጓደኛችን ይህን ክፍል ለጀማሪ የሕግ ባለሙያዎች ሁሉ ታስነብባለች። ፍቅሩ ግን መራራ ነው፤ ትዳር፣ ክህደትና ቅናት የተቀላቀሉበት ስለሆነ፣ የልብ ሙቀት ፈልጎ የሚከፍተው አንባቢ ቅር ይለዋል። አጀማመሩም ይንቀረፈፋል፤ ክሱ እስኪመሠረት መታገሥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ስሙ ለእኛ አንባቢ እንግዳ ያልሆነው ሲድኒ ሸልደን እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመው «ሬጅ ኦቭ ኤንጅልስ» ነው። በኒው ዮርክ ሥራዋን በጀመረች በመጀመሪያው ቀን በማፍያ ወጥመድ የገባችው ጠበቃ ጄኒፈር ፓርከር፣ በአንድ ወገን ባለ ትዳሩን ፖለቲከኛ አዳም ዋርነርን፣ በሌላ ወገን የማፍያውን ሰው ማይክል ሞሬቲን ይዛ ትጓዛለች። ከእስረኞች የተወረሱ ስለቶች የሞሉበትን ሣጥን ይዛ ስትሄድ ተደናቅፋ በፍርድ ሰጪዎቹ ፊት የምትበትንበት ትዕይንት አንዴ ከተነበበ አይረሳም። በፍጥነቱ የሚተካከለው የለም፤ አንድ አንባቢ ሌሊቱን ሙሉ እንዳነበበውና በማግስቱ ግማሹን እንደረሳው ነግሮኛል፣ ፍርዱም ትክክል ነው። ጄኒፈር የምታሸንፋቸው ክሶች ዝናዋን ያሳድጋሉ እንጂ ፍቅሯን እምብዛም አይነኩትምና በእኔ መለኪያ የመጨረሻውን ደረጃ ይይዛል። ለረጅም የአውቶቡስ ጉዞ ግን ከሦስቱ የሚሻለው እሱ ነው።

አገኛኘታቸውን በተመለከተ፣ የሸልደንን መጽሐፍ በአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች ዘንድ መፈለግ አዋጭ ነው፤ የቱሮውንም አልፎ አልፎ እዚያው ማግኘት ይቻላል። የኦውንስን ግን ከመጻሕፍት መደብር መግዛት ይሻላል፤ ፎቶ ኮፒ ተደርገው የሚሸጡት ቅጂዎች ፊደላቸው የደበዘዘ፣ አንዳንዴም ገጽ የተዘለለባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን ፊልም አስቀድመው የሚያዩ ሰዎች የምስጢሩን ቁልፍ በሁለት ሰዓት ስለሚያገኙት መጽሐፉን ቢያስቀድሙ እመክራለሁ። አሮጌ ቅጂ የሚገዛም ሰው ሒሳቡን ከመክፈሉ በፊት የመጨረሻዎቹ ገጾች መኖራቸውን፣ ሳያነባቸው፣ ያረጋግጥ፤ የቼዝን አሟሟት የሚፈታው ነገር ያለው እዚያ ነው።