መረቡን ሳደቅቀው ስህተቱ ለምን ባሰ?

ሦስት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ይዤ መጥቻለሁ። በ633 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት የሚሠራ ባለ ብዙ ንብርብር መስታወት በኮምፒውተር አስመስዬ እያጠናሁ ነው። ተፈራርቀው ከተደረደሩት ንብርብሮች ታይታኒየም ዳይኦክሳይዱ 66፣ ሲሊከን ዳይኦክሳይዱ 108 ናኖሜትር ይወፍራሉ፤ የብርሃን ስብረት መጠናቸውን 2.4 እና 1.46 ብዬ ወስጃለሁ። የማክስዌልን እኩልታዎች (የብርሃንን ጉዞ የሚገልጹትን) በጊዜ እርምጃ የሚፈታውን ፕሮግራም የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ ቦታውን ሴል በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች መረብ ይከፋፍለዋል።

በ10 ናኖሜትር ሴል የነጸብራቁ ማዕከል (መስታወቱ አብዝቶ የሚያንጸባርቀው የሞገድ ርዝመት ክልል መሃል) ወደ 657 ገደማ ሸሸ። ሴሉን 5 ሳደርገው ወደ ቦታው ተመለሰ። ለማረጋገጥ ያህል ወደ 4 ባወርደው ግን 642 አካባቢ ተገኘ! ለካ ፕሮግራሜ የእያንዳንዱን ንብርብር ውፍረት ወደ ሙሉ ሴል ያጠጋጋል፤ 66ቱ 68 ሆኗል። የ5ቱ ውጤት ያማረው 65 እና 110 እርስ በርስ ስለተካካሱ ብቻ ነው። (እኔ ደግሞ ተሳካልኝ ብዬ አውርቼ ነበር።)

2 ናኖሜትር ሁለቱንም ያለ ቀሪ ያካፍላል። ነገር ግን ስሌቱ በሦስት አቅጣጫ ስለሆነ ሴሉን በግማሽ ባሳነስኩ ቁጥር ሜሞሪው 8 እጥፍ፣ ጊዜው 16 እጥፍ ይጨምራል፤ ኮምፒውተሬ አይችለውም። ስለዚህ በውፍረቱ አቅጣጫ ብቻ 11 እና 12 ናኖሜትር ሴሎችን ላፈራርቅ አስቤያለሁ፤ ወሰኖቹ ልክ በሴል ጠርዝ ላይ ያርፋሉ።

የተቸገርኩት ከላይ ባለው 10 ናኖሜትር የብር ንብርብር ነው። ስንት ሴል ልስጠው? ከ12 በአንዴ ወደ 1 ብዘል ለውጡ ራሱ ሐሰተኛ ነጸብራቅ ይፈጥራል፤ የጊዜ እርምጃውም በትንሹ ሴል ይታሰራል። ቀስ በቀስ ሳሳንስስ የንብርብሮቹን ወሰን ሳላዛንፍ እንዴት ልሂድ?