ያዕቆብ ለምን ተቀጣ? እባካችሁ አስረዱኝ

ወገኖች፣ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ጥያቄ ላይ ተቸክያለሁ። አብራም (በኋላ አብርሃም የተባለው) ሲወለድ አባቱ ታራ 70 ዓመቱ ነበር። አብራም በ75 ከካራን ወጣ። ታራ የሞተው በ205 ነው። ደምሩት፤ አባትየው ከዚያ በኋላ 60 ዓመት ኖሯል! ኦሪት ግን ሞቱን ከአብራም መውጣት አስቀድሞ ይጽፋል። የአይሁድ መጽሐፍ ተርጓሚው ራሺ «ሽማግሌ አባቱን ጥሎ ሄደ» እንዳይባል ነው ይላል። ሚድራሹም (የጥንት የአይሁድ ሊቃውንት ትርጓሜ) አባትና እናትን ከማክበር ግዴታ ነፃ የተደረገው አብራም ብቻ ነው ይላል። እሺ፣ ይሁን።

ያዕቆብስ? ወደ አጎትህ ላባ ሂድ ያለው እኮ ራሱ ይስሐቅ ነው! ታልሙድ (የአይሁድ የሕግና የትምህርት መጽሐፍ) ግን ያዕቆብ አባቱን ላላገለገለበት 22 ዓመት ልጁ ዮሴፍ 22 ዓመት ተለየው ይላል። ወደ ላባ ከመድረሱ በፊት በዔቦር የኦሪት ትምህርት ቤት የተማረበት 14 ዓመት ደግሞ አልተቆጠረበትም። ሲመለስ በመንገድ ስለዘገየ ነው እንዳልል፣ እሱ 2 ዓመት ብቻ ነው። የላባ ቤቱ 20 ዓመትስ? ተልኮ የሄደ ልጅ ምን አጠፋ? የምታውቁ ካላችሁ መልሱልኝ።