ለልጆቻችን ኳስና እስክስታ አዳራሽ ፈልገናል፤ ቻሪቲ (የበጎ አድራጎት ድርጅት) ሆነን እንመዝገብ ወይስ የስፖርት ክለብ?

የቅዳሜ ኳስ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሜን ለንደን ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ 40 የሚሆኑ ልጆች ኳስ እናጫውታለን፣ ከዚያ አማርኛ እናስተምራለን፣ ማሳረጊያው እስክስታ ነው። የምንከራየው የትምህርት ቤት ጂም ነው። ዘንድሮ ኪራዩን ድንገት ጨመሩብን፣ ሰዓታችንንም ቀነሱት። ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ዘበኛው ቁልፉን ይዞ በር ላይ ይቆማል፤ ልጆቹ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ይቀይራሉ። ከበሮው መኪናዬ ውስጥ ነው የሚያድረው። አሁን የአካባቢያችን አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ ባዶ የቆመ አሮጌ አዳራሽ አለኝ፣ በረጅም ሊዝ ልሰጣችሁ እችላለሁ ይላል፣ ግን ሕጋዊ ሆናችሁ ኑ አለን። ግማሾቻችን የስፖርት ክለብ እንሁን እንላለን፣ ግማሾቻችን ቻሪቲ። አንድ ታላቃችን ደግሞ «ለሐበሻ ብቻ ተብሎ ይጻፍ፣ አለዚያ ይነጥቁናል» ብለዋል። ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩን።

ደብተር ያዥ፦
ወንድሜ፣ የአንድ ማኅበር ሒሳብ ለዓመታት ይዣለሁና የማውቀውን ልበል። ካስክ የሚሉት የአማተር ስፖርት ክለብ ምዝገባ ዋና ሥራችሁ ስፖርት እንዲሆን ይጠይቃል። እናንተ ግን አማርኛም እስክስታም አላችሁ። ሁለቱንም መሆን ደግሞ አይቻልም፤ ካስክ የሆነ ክለብ ቻሪቲ መሆን አይችልም። ስለዚህ ለእናንተ ቻሪቲ ይሻላል። በፈረንጅ 2011 የወጣው የእንግሊዝና የዌልስ የቻሪቲ ሕግ አማተር ስፖርትንም ባህልንም በስም ጠርቶ ይቀበላል።

ስትመዘገቡ ሲአይኦ የሚባለውን፣ በራሱ ስም ሕጋዊ ሰውነት ያለውን የቻሪቲ ዓይነት ያዙ። ምክንያቱም ዝም ብሎ ማኅበር ከሆናችሁ ሊዙ ላይ የሚፈርሙት ሰዎች በግላቸው ነው ተጠያቂ የሚሆኑት፣ ዕዳ ቢመጣ የራሳቸው ቤት ድረስ ሊሄድ ይችላል። ሲአይኦ ሲሆን ግን ውሉን የሚዋዋለው ድርጅቱ ራሱ ነው። ሌላ ዓይነት ቻሪቲ የመመዝገብ ግዴታ የሚመጣበት የዓመት ገቢው ከ5,000 ፓውንድ ሲያልፍ ነው፣ ሲአይኦ ግን ሳይመዘገብ አይኖርም። ከቢዝነስ ሬት፣ ማለትም ለንግድና ለመሰል ቤቶች ከሚከፈለው ግብር፣ 80 በመቶ ይቀርላችኋል። ግብር ከፋይ ወላጅ 10 ፓውንድ ሲለግስ መንግሥት ግብሩን ለቻሪቲው በሚመልስበት በጊፍት ኤይድ 12.50 ይሆናል። ለልምምድ የሚከፈለው ግን ስጦታ አይደለምና እሱን እንዳትቀላቅሉት።

«ለሐበሻ ብቻ» የሚለውን ግን ተጠንቀቁ! በፈረንጅ 1955 ዌስት ሃምና ሌይተን ለሚኖሩ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አባላትና አባል ሊሆኑ ይችላሉ ለተባሉ ሰዎች መዝናኛና ስፖርት እንዲሆን የተሰጠ ቦታ ጉዳይ ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት እስከነበረው ጌቶች ምክር ቤት ደርሶ፣ ቻሪቲ አይደለም ተባለ። አንዱ ምክንያት ተጠቃሚው እንደዚያ መጥበቡ ነው። በፍርዱ የተነሳ የየመንደሩ አዳራሽ ሁሉ ሥጋት ላይ ወደቀና በ1958 ለመዝናኛ ቦታዎች ለብቻው ሕግ ወጣላቸው። ዛሬም በሩ ለሰፈሩ ሰው ክፍት ይሁን ነው የሚባለው። የኢትዮጵያን ባህል ማስተማር የሚከለክላችሁ የለም፣ ለመማር የመጣውን የጎረቤት ልጅ አትመልሱ ነው ነገሩ።

የሦስት ልጆች እናት፦
እኔ ስለ ቤቱ ልናገር፣ ምክንያቱም እኛን ያቃጠለን ምዝገባው ሳይሆን ቤቱ ነው። ኪራዩ ረከሰ ብለን ደስ ብሎን ፈረምን። ሙሉ ጥገናው በተከራዩ ነው የሚለውን መስመር አንብበነዋል፣ ግን ምን ማለት እንደሆነ አልገባንም ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ቦይለሩ ሞተ። ልጆቹ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ነበር ፊደል የሚቆጥሩት፣ ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን በቡና ረከቦቱ አጠገብ ባስቀመጥነው ባልዲ እንቀበል ነበር። ለልጆቹ መለያ የሰበሰብነው ገንዘብ በሙሉ ለቧንቧ ሠራተኛ ሄደ። እባካችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሰርቬየር፣ የቤት መርማሪ ባለሙያ፣ አስገቡ። ጣሪያውን፣ ቦይለሩን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን ይይላችሁ። ካውንስሎች ማኅበረሰብን የሚጠቅም ከሆነ ንብረታቸውን ከገበያ ዋጋ በታች መስጠት ይችላሉ፣ ስለዚህ ለመደራደር አትፈሩ። «ጣሪያውን አስተካክላችሁ ስጡን» በሉ። ሊዙም ረጅም ይሁን፤ ጥቂት ዓመት ብቻ ለቀረው ቤት ትልቅ የጥገና ገንዘብ የሚሰጥ ፈንድ ማግኘት ከባድ ነው።

የድሮ አራት ኪሎ፦
ልጆቼ፣ እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ ወወክማ ግቢ ነው። ቅርጫት ኳስ የያዝኩት እዚያ ነው፣ መድረክ ላይ የወጣሁትም እዚያው። ስሙ ክርስቲያናዊ ማኅበር ይሁን እንጂ ሙስሊም ጓደኛዬ ከእኔ እኩል ነበር የሚጫወተው፤ ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ ብሎ የጠየቀን አልነበረም። ጫማ የሌለው ልጅ በባዶ እግሩ ይገባ ነበር። በኋላ ደርግ ሲወርሰው እንደ ቤታችን ነው ያለቀስነው። ያ ታላቃችሁ ይነጥቁናል ያሉት ይገባኛል፣ ፍርሃታቸውን አትናቁባቸው። ግን ቻሪቲውን የሚመሩት ትረስቲዎች ሲመረጡ ከእናንተ ብዙ ሰው ይኑር፣ አንድ ሁለት የሰፈሩን ሰውም ጨምሩ። የሰፈሩ ሰው የእኔ ነው ያለውን አዳራሽ ካውንስልም በቀላሉ አይዘጋውም።

የቅዳሜ ኳስ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አባቴ፣ የጻፉትን ለታላቃችን አነበብኩላቸው፣ ዝም ብለው ቆዩና «እኔም እዚያ ተጫውቻለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ ለሐበሻ ብቻ የሚለውን አላነሱትም። እህቴ፣ ሰርቬየር ለማስገባት ከወላጆች ማዋጣት ጀምረናል፣ ካውንስሉንም ስለ ጣሪያው በጽሑፍ ጠይቀናል። ደብተር ያዥ፣ የሲአይኦውን መተዳደሪያ ደንብ ስናረቅቅ አንድ ጊዜ ብታይልን ብዬ ነው፤ በውስጥ መስመር ልጽፍልህ?