የእንግሊዝ ታሪክ የምጽፍ ፍሪላንሰር ነኝ፣ ፕሮፋይሌ ላይ ስለራሴ ምን ልበል?

ሐይቅ_ዳር፦

ሰላም ናችሁ? ሀዋሳ ነው የምኖረው፣ ዲግሪዬ አካውንቲንግ ነው፣ ቀን ቀን ሂሳብ እሠራለሁ ማታ ማታ ደግሞ ለውጭ ሳይቶች በእንግሊዝኛ አርቲክል እጽፋለሁ፣ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እስካሁን የመጣውን ነበር የምጽፈው፣ ስለ ፍራሽ ስለ ድመት ምግብ ሳይቀር ጽፌያለሁ፣ አሁን ግን ከልቤ የምወደውን የብሪታንያን ታሪክ ብቻ ልጽፍ ወስኜ ፕሮፋይሌን እያስተካከልኩ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው)።

ነገሩ የጀመረኝ ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ነው። አባቴ እንግሊዝኛሽን አሻሽይበት ብሎ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ገዛልኝ፣ መጀመሪያው የለም፣ ከገጽ 37 ነው የሚነሳው፣ እዛ ላይ ንጉሥ ሪቻርድ ሦስተኛው በ1485 ቦስዎርዝ ላይ ይሞታል። ማን ነው፣ ከማን ጋር ነው የሚዋጋው፣ ምኑንም አላውቅም ግን በቃ እነዛን የጎደሉ 36 ገጾች ስፈልግ ነው እስከዛሬ የቆየሁት። በ2012 አጽሙ ሌስተር ከተማ መኪና ማቆሚያ ስር ተቆፍሮ ወጣ ሲባል የማውቀው ሰው የተገኘ ያህል ነው ያለቀስኩት።

አሁን ጥያቄዬ። ባለፈው ስለ ንጉሥ ቻርልስ አንደኛው ጽፌ አንገቱ የተቀላው ጃንዋሪ 30፣ 1648 ነው አልኩ። ከኪሴ አላወጣሁትም፣ የሞት ማዘዣውን ፎቶ አይቼ ነው፣ 59 ሰው የፈረመበትና ማኅተሙን ያደረገበት፣ ጃንዋሪ 29፣ 1648 ይላል። ኤዲተሩ ግን 1649 ነው፣ ይሄን እንኳን ካላወቅሽ ምኑን ጻፍሽው ብሎ መለሰልኝ። ከዛ ወዲህ እጄ ተሳሰረ። ፕሮፋይሉ ላይ የብሪታንያ ታሪክ ባለሙያ ብዬ ጽፌ ነበር፣ አጠፋሁት። አገሩን ረግጬው አላውቅም፣ ታሪክም አልተማርኩም። እና ምን ልበል?

አዳማ_መምህር፦

ልጄ፣ ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አንቺም አልተሳሳትሽም ኤዲተሩም አልተሳሳተም፣ ግን እንደዛ ባይናገርሽ ጥሩ ነበር። ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ዓመቱ የሚለወጠው ጃንዋሪ 1 ሳይሆን ማርች 25 ነበር። ስለዚህ ማዘዣውን ለፈረሙት ሰዎች ጃንዋሪ ገና 1648 ነው፣ አሁን እኛ ወደኋላ ስንቆጥረው ነው 1649 የሚሆነው። ታሪክ ጸሐፊዎች ሁለቱንም አስጠግተው 1648/9 ብለው የሚጽፉት ለዚሁ ነው።

ማርች 25 ምን ቀን እንደሆነ ታውቂያለሽ? መልአኩ ገብርኤል እመቤታችንን ያበሰረበት ነው፣ በነሱ በድሮው አቆጣጠር። የኛ መጋቢት 29 ማለት ነው፣ በዓሉም ቀኑም አንድ! ጁሊያን በሚባለው በዛ በድሮው አቆጣጠር ስትቆጥሪው ልክ ይገጥማል። እንግሊዞች አቆጣጠራቸውን የቀየሩት በ1752 ነው፣ ሴፕቴምበር 2 ረቡዕ ተኝተው ሲነሱ ሐሙስ ሴፕቴምበር 14 ሆነ፣ 11 ቀን ተዘለለ፣ ዓመቱም ከዛው ዓመት ጀምሮ ጃንዋሪ 1 የሚገባ ሆነ። ስኮትላንድ ደግሞ አዲስ ዓመቷን ከ1600 ጀምሮ ቀድማ ወደ ጃንዋሪ 1 አምጥታው ነበር፣ ይሄን እንዳትረሺው ያምታታል።

ይሄ ለኛ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አድዋ የካቲት 23 ነው፣ በ1896 ማርች 1 ላይ ዋለ፣ ዛሬ ግን ማርች 2 ነው የሚውለው፣ ምክንያቱም 1900ን ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 የሚሆንበት አራተኛ ዓመት አድርገው ስላልቆጠሩት አንድ ቀን ተንሸራተተ። ተማሪዎቼ በየዓመቱ ይጠይቁኝ ነበር።

ታቦር_ስር፦

እኔ ግን ልናገር፣ ስለ ቻርልስ የሚጽፍ እዛው ሞልቷል። እህቴ ብሪታንያን የምትወጂ ከሆነ እኛ ጋ የገባችበትን ጻፊያ! ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፣ መልስ አጡ፣ ቆንስሉን አሰሩ፣ ናፒየር ከህንድ ጦር ይዞ ዝሆን ሳይቀር ጭኖ መጣ፣ በ1868 በፋሲካ ማግሥት መቅደላ ላይ አለቀ። ልጁ ዓለማየሁ ሰባት ዓመቱ ነው፣ እናቱ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞተችበት፣ በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ፣ ይመለስ ሲባል በ2023ም ቤተ መንግሥቱ አይሆንም አለ። ይሄን ከኛ ወገን ሆኖ በጥሩ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ያስፈልገናል፣ አያቴ ስለ ዓለማየሁ ስታወራ ድምጿ ይሰበር ነበር።

ጥቁር_ቀለም፦

ወንድሜ ያልከው ልክ ነው መጻፍ አለበት፣ ግን ኢትዮጵያዊ ስለሆነች መቅደላን ብቻ ትጻፍ ማለት ከባድ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እንግሊዛዊ ነው፣ በ1956 ከእናቱ ከሲልቪያ ጋር መጣ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምን ከመሠረቱት አንዱና የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ፣ ስለ ሙሉ ኢኮኖሚያችን ጻፈ፣ ሁለቱም ሥላሴ ካቴድራል ነው የተቀበሩት። አንተ ስለ እንግሊዝ ብቻ ጻፍ ያለው የለም። እሷስ ለምን ትታጠር?

ሐይቅ ዳር፣ እኔም ፍሪላንሰር ነኝ። ባለሙያ የሚለውን ተዪው፣ ክላይንቱ አንድ ጥያቄ ጠይቆ ያውቅሻል። ግን አካውንቲንጉን ለምን ደበቅሽው? ዱምዝዴይ ቡክ እኮ የሂሳብ መዝገብ ነው! ዊልያም አሸናፊው በ1085 ገና ላይ አዘዘ፣ በ1086 በየመንደሩ ስንት ጥማድ በሬ፣ ስንት ወፍጮ፣ መሬቱ በፊት ስንት ያወጣ ነበር አሁንስ እየተባለ ተመዘገበ። ያን ገጽ ታሪክ የተማረ ሰው እንደ ታሪክ ያየዋል፣ አንቺ ግን ሚዛኑ የት እንደሚዛነፍ ታዪዋለሽ። የእንግሊዝ የግብር ዓመትስ ለምን አፕሪል 6 ይጀምራል? መምህሩ ያሉት ማርች 25 ነው፣ 11 ቀኑ ሲዘለል አብሮ ተገፋ፣ በኋላ አንድ ቀን ተጨመረ። ይሄን ደግሞ ጻፊና ላኪ፣ አፕሪል 6 በኛ መጋቢት 28 ነው፣ ከጽንሰት ዋዜማ!

ሌላው፣ ኦልድ ቤይሊ የሚባለው የለንደን ፍርድ ቤት የችሎት መዝገብ ከ1674 እስከ 1913 ያለው ኦንላይን በነጻ አለ። ማን መሐረብ ሰረቀ፣ ምን ተፈረደበት፣ ሁሉም አለ። ሰው ከጻፈው አርቲክል ላይ ከመልቀም ከዛ አንብቢ።

ሐይቅ_ዳር፦

መምህር እግዚአብሔር ያክብርዎት፣ መጋቢት 29ን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ፣ ካላንደር አውጥቼ ራሴ ቆጠርኩት ገጠመ። ታቦር ስር፣ ዓለማየሁንም እጽፈዋለሁ፣ ግን ሳልቸኩል፣ አያትህ የሚሉትን ብትነግረኝ ደስ ይለኛል።

ፕሮፋይሉን እንዲህ አድርጌዋለሁ፣ ወደ እንግሊዝኛ እመልሰዋለሁ፦ «ሀዋሳ፣ ኢትዮጵያ የምኖር የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የብሪታንያን ታሪክ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በራሴ አነባለሁ። የምጽፈው ስለ ግብር፣ ስለ መዝገብና ስለ ዘመን አቆጣጠር ነው፤ በዕለት ኑሮዬ ሁለት ካላንደር እጠቀማለሁ።» የቻርልስን አርቲክል ደግሞ 1648/9 ብዬ አስተካክዬ ከማዘዣው ፎቶ ጋር ለኤዲተሩ መልሼ ልኬለታለሁ።