ለአምስት ሳምንት ያልተንቀሳቀሰው ሚዛን፦ አመጋገቤን ሳልተው እንዴት ልዝለቅ?

ጥያቄ (መምህርት፣ ደብረ ማርቆስ)

የተከበራችሁ እኅቶችና ወንድሞች፣

የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ሳንቲ ሜትር ነው። በመስከረም መጀመሪያ የደም ስኳሬ ከመደበኛው ከፍ ብሎ በመገኘቱ፣ አንድ የሥነ ምግብ ባለሙያ በቀን 1,500 ካሎሪ የሚሆን የአመጋገብ ዕቅድ አወጣልኝ። ምግቤ በሰዓትና በመጠን የተወሰነ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስመለስም ለ40 ደቂቃ ያህል በእግሬ እሄዳለሁ። ከ91 ኪሎ ተነሥቼ በታኅሣሥ አጋማሽ 83 ደረስሁ።

ከዚያ ወዲህ ግን ሚዛኑ እዚያው ቆሞ ቀረ። 83፣ 83.4፣ 82.8፣ እንደገና 83። ዕቅዱን አላፈረስሁም ብዬ አምናለሁ፤ የገና ዕለት እንኳ ቤተሰቡ ዶሮውን ከቦ ሲበላ እኔ የተመደበልኝን አንድ ብልትና አንድ እንቁላል በልቼ ተነሣሁ። እናቴ ባየችኝ ቁጥር «ምነው ልጄ፣ ከሳሽብኝ፤ ታመሽ ይሆን?» ትለኛለች፤ ሚዛኑ ደግሞ ምንም አልከሳሽም ይለኛል። ትናንት ማታ ለልጆቹ እራት ሳወጣ «ይህን ሁሉ የምደክመው ለምንድን ነው?» የሚል ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ መጣብኝ፤ ያስፈራኝም ከሚዛኑ ይልቅ ይህ ሐሳብ ነው።

ዐቢይ ጾምም እየቀረበ ነው፤ እንቁላሉና ወተቱ ከዕቅዴ ሊወጡ ነው። ሰውነቴ ለምን እንደቆመ፣ እናንተም እንዲህ ያለውን ጊዜ በምን እንዳለፋችሁት ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ 1 (የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር)

እኅቴ፣ በመጀመሪያ የቀነሱት ስምንት ኪሎ ከመነሻ ክብደትዎ 9 በመቶ የሚጠጋ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። እንደ እርስዎ የደም ስኳራቸው ከፍ ብሎ ገና ወደ በሽታ ባልደረሰ ሰዎች ላይ አሜሪካ ውስጥ በተካሄደና ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ ታላቅ ጥናት፣ ተሳታፊዎቹ እንዲቀንሱ የተጠየቁት 7 በመቶ ብቻ ነበር፤ አመጋገባቸውንና እንቅስቃሴያቸውን ያስተካከሉት ሰዎች በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። እርስዎ ያንን ግብ አልፈውታል፤ ስለዚህ ሚዛኑ ዝም ባለበት በዚህ ጊዜ የደም ስኳርዎን በድጋሚ ይለኩ።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ የቀለለ ሰውነት የሚፈልገው ጉልበትም ያነሰ ነው። በተለመደው ስሌት ከ91 ወደ 83 ኪሎ የወረደች በእርስዎ ዕድሜና ቁመት ያለች ሴት በቀን የሚያስፈልጋት ከቀድሞው በ110 ካሎሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ሰውነትም ረኀብ የመጣ መስሎት ከዚህ ትንሽ አልፎ ይቆጥባል፤ የጥጋብ ስሜት የሚሰጠው ሆርሞን ሲቀንስ የረኀቡ ይጨምራል። ከበፊቱ ይልቅ የሚርብዎ ከሆነ ፈቃድዎ ደክሞ እንዳይመስልዎት።

ነገር ግን ይህ ብቻውን ሚዛኑን ፈጽሞ አያቆመውም፤ ስሌቱ እንደሚያሳየው በ1,500 ካሎሪ አሁንም በሳምንት ወደ ግማሽ ኪሎ መውረድ ይገባዎት ነበር። እንግዲህ የቀረው ወይ ውኃ ነው፣ ወይ ያልተቆጠረ ምግብ። ውኃው ቀላል ነው፤ ጨው የበዛበት ወጥ፣ የወር አበባ መቃረብ፣ ከበዓል ማግሥት በጡንቻና በጉበት የሚጠራቀም ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት (አንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል) ሚዛኑን በአንድና ሁለት ኪሎ ያወዛውዙታል። ስለ ሁለተኛው ስጽፍ እንደ ወቀሳ እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በ1992 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ «ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላን አልቀነስንም» ያሉ ሰዎች በትክክል ሲለኩ የሚበሉትን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው ይናገሩ እንደነበር ታውቋል፤ ሰውነታቸው ጉልበት የሚያወጣውም እንደማንኛውም ሰው ነበር። ሰዎቹ ውሸታሞች አልነበሩም፤ ዓይን ስለሚሳሳት ነው። በእኛ ማእድ ደግሞ ዓይንን የሚያታልለው ዘይት ነው፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ 120 ካሎሪ አለው።

ሌላም አለ። በደጋው አገራችን የአዮዲን እጥረትና እንቅርት አዲስ ነገር አይደለምና፣ ከሚዛኑ መቆም ጋር ብርድ ብርድ የሚልዎት፣ የሚደክምዎትና ሆድዎ የሚደርቅ ከሆነ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ምርመራ ይጠይቁ። ዕቅዱን ከ1,500 በታች ማውረድን ግን ያለ ባለሙያዎ ምክር አይሞክሩት።

መልስ 2 (ነጋዴ፣ ፍኖተ ሰላም)

እኅቴ፣ እኔ በ96 ኪሎ ላይ ለሰባት ሳምንት ቆሜአለሁና ምን እንደሚሰማዎት አውቃለሁ። ያወጣኝ አንድ ክር ነው። ከልብስ ሰፊ ጎረቤቴ ጥቁር ክር ለምኜ፣ ጠዋት ምንም ሳልቀምስ እምብርቴ ላይ አዙሬ፣ ጫፉ በደረሰበት ቋጠርሁት። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እንዲሁ እያዞርሁ አዲስ ቋጠሮ እጨምር ነበር። በዚያ ሚዛኑ ባልተነቃነቀበት ሰባት ሳምንት ቋጠሮው በሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገባ። ክሩ ዛሬም በሱቄ መሳቢያ ውስጥ አለ።

ሚዛኑንም ቢሆን አልጣልሁትም፤ አነባበቤን ነው የለወጥሁት። በየጠዋቱ እመዘንና ጽፌ እተወዋለሁ፤ እሑድ ሰባቱን ደምሬ ለሰባት አካፍላለሁ፤ የማየው ያንን አንዱን ቁጥር ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ጨምሮ ቢገኝ ቀኔን አያበላሽብኝም። ለራሴ የማወጣውንም ግብ «በዚህ ወር ሁለት ኪሎ» ከማለት ይልቅ «በዚህ ሳምንት አምስት ቀን በቡሬ መንገድ አንድ ሰዓት እሄዳለሁ» ወደሚል ለወጥሁት፤ ኪሎው በእኔ እጅ አይደለም፣ እግሬ ግን በእኔ እጅ ነው።

መልስ 3 (እናት፣ ሞጣ)

ልጄ፣ እኔ የ61 ዓመት ሴት ነኝ፤ ደም ግፊት ይዞኝ በሐኪም ትእዛዝ 12 ኪሎ ቀንሼአለሁ። ከረኀቡ ይልቅ የከበደኝ ሰው ነበር። በወር በ21 የማርያም ማኅበር አለን፤ ደጋሿ «አፈር ስሆን፣ በሞቴ» ብላ ጉርሻ ይዛ ስትቆም እንዴት እምቢ ይባላል? ሁለት ሦስቴ እንደቀመስሁ አድርጌ ለማለፍ ሞከርሁ፤ አልሆነም፤ ቤቴ ስመለስ ከዕቅዴ ውጪ መሆኔን ልቤ ያውቀዋል። በኋላ ለማኅበርተኞቹ አንድ ቀን ሰብስቤ የሐኪሙን ቃል ነገርኋቸው። ለክብራቸው አንድ ጉርሻ እቀበላለሁ፤ ከዚያ በላይ የሚለምነኝ የለም። አንቺም ለእናትሽ የምርመራ ወረቀትሽን አሳይያት፤ «ከሳሽ» የምትልሽ ፈርታ ነው፤ በእኛ አገር ክሳት የሕመምና የማጣት ምልክት ሆኖ ኖሯል።

ስለ ጾሙ አትስጊ፤ ነገር ግን ጾም ስለሆነ ብቻ ኪሎ ይወርዳል ብለሽ አትታለዪ። ቅቤው ሲቀር በሽሮው ላይ የሚፈሰው ዘይት እጥፍ ይሆናል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ የሚበላ ሰውም እጁ አይመጠንም። እኔ ከጾሙ በፊት የተቀቀለ ምስርና ሽምብራ ንፍሮ ለካ ለካ አድርጌ አዘጋጃለሁ፤ በመጀመሪያ ንፍሮውን ከጎመን ጋር እበላና ከዚያ ወደ እንጀራው እሄዳለሁ።

ከጠያቂዋ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተባልሁትን አንድ በአንድ ሞክሬአለሁ።

በመጀመሪያ ያደረግሁት አዲስ የአንድ ሊትር ዘይት ስከፍት በየማታው የደረሰበትን በእስክሪብቶ ጠርሙሱ ላይ ማስመር ነበር። በአምስተኛው ቀን ጠርሙሱ ባዶ ሆነ። ቤታችን አራት ሰው ነን፤ ለእያንዳንዳችን በቀን 50 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከ400 ካሎሪ በላይ ሆኖ አገኘሁት። ባለሙያው የፈቀደልኝ ሁለት የሻይ ማንኪያ ነበር። እንጀራውንና ሥጋውን ስመዝን፣ ሽንኩርቱ የሚቁላላበትን ለካስ አንድም ቀን አልለካሁም! አሁን ሽንኩርቱን በውኃ አቁላላና የተለካውን ዘይት መጨረሻ ላይ እጨምራለሁ። ልጆቹ ልዩነቱን አላወቁትም፤ ባለቤቴ «ወጡ ቀለለ» ስላለኝ የእርሱን በሳህኑ ላይ አክልለታለሁ።

የሳምንት አማካዬ 83.1፣ ቀጥሎ 82.9፣ በዚህ ሳምንት 82.3 ሆኗል። የደም ስኳሬ ወደ መደበኛው ገብቷል፤ የእንቅርት ዕጢው ምርመራም ደኅና ነው ተብያለሁ። የመጨረሻው ቁጥር ውኃ ሊሆን እንደሚችል ስለማውቅ ገና አልዘፈንሁበትም፤ ማታ ማታ ያ ሐሳብ መምጣቱን ግን ትቷል።

ወንድሜ፣ ክሩንም አዘጋጅቻለሁ። ብቻዬን በትክክል ማዞር አቅቶኝ እናቴን ጠራኋት፤ የምርመራውን ወረቀት ካነበብሁላት በኋላ የመጀመሪያውን ቋጠሮ የቋጠረችልኝ እርሷ ናት። እትዬ፣ የሽምብራውን ንፍሮ ለአንድ ማእድ ስንት ስኒ እንደሚያደርጉት ቢነግሩኝ፤ ጾሙ ሰኞ ይገባል።